የሐረጎ ጉም ለምን አይወድቅም?

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ደሴ ሚኒባስ እነዳለሁ። ክረምት የሐረጎን ዳገት ስወጣ ጉሙ መስታወቴን ያረጥበዋል። ውሃ ከሆነ ለምን አይወድቅም?

መልስ፦ ይወድቃል ወንድሜ፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። አንዲት የጉም ጠብታ ስፋቷ የሚሊሜትር አንድ መቶኛ ገደማ ነው። በሰከንድ የምትወርደው 3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ከሰው ቁመት ተነስታ መሬት ለመድረስ 10 ደቂቃ ይፈጅባታል። ከኮምቦልቻ ደሴ ደግሞ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። እርጥብ አየር ዳገቱን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ያው ነፋስ ጠብታዋን ይዟት ይወጣል። ታዲያ መቼ ትውረድ?

ጥያቄ፦ ከደሴ ፒያሳ ነው የምደውለው። እንዲህ ያሉ ጠብታዎች ክብደት በሌለበት ቦታ ይጠናሉ ሲባል ሰማሁ። እዚሁ አይቻልም?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። ጉም በዕቃ ውስጥ ብትዘጊበት ትልልቆቹ ጠብታዎች ቀድመው ይወርዳሉ። በመንገዳቸው ያገኟቸውን ትንንሾች ይውጣሉ። ቆይተሽ ስታዪው ግድግዳው ረጥቧል፣ አየሩ ባዶ ነው። መውደቁ ሌላውን ነገር ሁሉ ሸፈነው ማለት ነው። ኤሌክትሪክ ሲይዙ እንዴት እንደሚሳሳቡ፣ አንዷ ስትተን ጎረቤቷ ምን እንደምትሆን ለማየት ጊዜ አይገኝም። ክብደት ሲጠፋ ግን ትልቁም ትንሹም ባለበት ተንሳፎ ይቆያል።

እኔን በጣም የገረመኝ የነዳጅ ጠብታ ነው። እዚህ እሳት ወደ ላይ ይሾላል፤ ሞቃት አየር ቀሎ ስለሚወጣ ነው። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ግን ነበልባሉ ጠብታዋን እንደ ኳስ ዙሪያዋን ይከባታል። አንዳንዴ እሳቱ ጠፋ ከተባለ በኋላም ጠብታዋ መንደዷን አላቆመችም። ለዓይን በማይታይ ቀዝቃዛ ነበልባል ትነድ ነበር። ይህ ይፋ የሆነው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው።

ጥያቄ፦ እዚያ ላይ ስበት የለም ማለት ነው?

መልስ፦ አለ እንጂ! ጣቢያው ያለው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ስበቱ እዚህ ካለው 90 በመቶ ያህል ነው። ክብደት የማይሰማቸው ጣቢያውም ሰዎቹም ምድርን እየዞሩ አብረው ስለሚወድቁ ነው። ጀርመን ብሬመን ከተማ ለዚህ የተሠራ 146 ሜትር ግንብ አለ። ሙከራውን ይዞ የሚለቀቀው ዕቃ 4.7 ሰከንድ ያህል ይወድቃል። ለጠብታ ይህም ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የልጅ ልጄ ሲያስል የሚወጣውስ እንዲሁ ይንሳፈፋል?

መልስ፦ አብሽሩ እናቴ። ትልልቁ ቶሎ መሬት ይወርዳል። ደቃቁ ግን በተዘጋ ክፍል ብዙ ይቆያል። ጠፈርተኞቹ ጋ ትልቁም ስለማይወርድ አየሩን በማራገቢያ እየነዱ ያጣሩታል። እርስዎ ዘንድ ነፋስ አለ። ቢበርድም ልጁን ደርበው ያልብሱትና መስኮቱን ትንሽ ገርበብ ያድርጉት።