አፈሩ ላይ መድኃኒት ከመርጨታችሁ በፊት ቅጠሉን ገልብጡ

እንደምን አደራችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶችና ወንድሞች። ችግኝ ያለው ሰው ጠዋት ጠዋት ስንት ጣጣ እንዳለበት ስለማውቅ በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ።

ሰሞኑን እዚህ ሰበታ ብዙዎቻችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቃችሁኛል። «ላስቲኩ ውስጥ ነጫጭ ነገር ይርመሰመሳል፤ ምን ልርጭበት?» እኔ ደግሞ ቆይ፣ መጀመሪያ እንየው እላለሁ።

ይህን የተማርኩት ሳላይ ረጭቼ ነው። ባለፈው ዓመት የቃሪያ ችግኞቼ አፈር ላይ ነጫጭ ነጥቦች ሲሄዱ አይቼ ደነገጥኩ። «ሁሉንም ይገድላል» የተባልኩትን ፀረ ተባይ ገዝቼ አፈሩንም ቅጠሉንም አዳረስኩት። ነጥቦቹ ጠፉ፣ ደስ አለኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ቅጠሎቹ በመርፌ የተወጉ መሰሉ፤ ከዚያ ቢጫ ሆኑ። ገልብጬ ሳያቸው ቀጭን ድር አድርቶባቸዋል። ቀይ ሸረሪት ነው! መድኃኒቱ እሱን የሚበሉትን ጨርሶ ሜዳውን ለቆለታል። ግማሹን ችግኝ ነቅዬ ጣልኩ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አፈሩ ላይ የሚርመሰመሰው ነጥብ ብዙውን ጊዜ ማይት የሚባል ፍጥረት ነው፤ ቀይ ሸረሪትም ራሱ አንዱ የማይት ዓይነት ነው። ማይት የሸረሪትና የመዥገር ዘመድ ነው። ስምንት እግር አለው፤ አብዛኛው አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። አፈር ውስጥ የሚኖረው በአብዛኛው ችግኝ አይነካም። የበሰበሰ ቅጠልና ሻጋታ ይበላል፣ ፍጉ እንዲብላላ ያግዘናል። ቡናማ ሆኖ ፈጠን ፈጠን የሚለው ደግሞ አዳኝ ነው፤ የትንኝ እጭ ይበላልናል። ስትነኩት ፈንጠር የሚለው ነጭ ነገር ማይት እንኳን አይደለም፣ እሱም ጉዳት የለውም።

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የምትተክሉ ግን አንዱን ጠንቀቅ በሉ። ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዘገምተኛ ነው፤ የሽንኩርቱ ራስ የተጎዳበት ቦታ ላይ ተሰብስቦ ይገኛል። የበሰበሰውን አውጥታችሁ አስወግዱ፤ እዚያው መደብ ላይ ሽንኩርት አትድገሙ።

አሁን ነጭ ወረቀት ያዙ። ቅጠሉን ከወረቀቱ በላይ አድርጋችሁ በጣት መታ መታ አድርጉት። የወደቀው ነጥብ መራመድ ከጀመረ ማይት ሳይሆን አይቀርም። ለአፈሩ ደግሞ ቁራጭ ጥሬ ድንች አስቀምጡና ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ገልብጡት። ጭንቅላቱ ጥቁር፣ ገላው ብርሃን የሚያሳልፍ ትል ካያችሁ የትንኝ እጭ ነው። ለጋ ሥር የሚበላው እሱ ነው እንጂ ማይቱ አይደለም።

መፍትሔው ከውኃ ማጠጫው ይጀምራል። እጩ የሚራባው አፈሩ ሁልጊዜ ርጥብ ሲሆን ነው። ላዩ እስኪደርቅ ታገሡ፤ ያልተብላላ ፍግም አትቀላቅሉ። ቀይ ሸረሪት ግን ተቃራኒው ነው፤ ድርቀትና አቧራ ይመቸዋል። በበጋ መንገድ ዳር ያለ መደብ ቶሎ የሚያዘው ለዚህ ነው። ጠዋት የቅጠሉን ጀርባ በውኃ እጠቡት፤ ክፉኛ የተጠቃውን ለይታችሁ አውጡ። ነፍሳትን የሚገድል መድኃኒት ሁሉ እሱን አይገድለውም፤ እሱ ነፍሳት አይደለማ! በአገራችን የጽጌረዳ እርሻዎች እኮ ቀይ ሸረሪትን የሚበላ ሌላ ማይት እየለቀቁ ይከላከሉታል። እኛ ደግሞ በነፃ የመጣልንን በመርዝ እናባርራለን።

ወረቀቱንም ድንቹንም ይዤ መጥቻለሁ፣ አንድ አጉሊ መነጽርም አለ። ከዚያ ጥግ ካለው የጎመን መደብ እንጀምር፤ ቅጠሉ ቢጫ ቢጫ ብሎብኛል።