እንጦጦ ላይ ያጋደምናቸው ድንጋዮች

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ከጎረነነባችሁ ይቅርታ፤ ትናንት እንጦጦ ላይ ዝናብ ቀጥቅጦኝ ነው። ወሬዬም ከዚያው ነው፤ ስለ አንዲት ቀጭን የእግር መንገድ።

ፓርኩ ውስጥ የተነጠፈውን መንገድ አይደለም የምላችሁ። ከዚያ ወጣ ብሎ በባሕር ዛፉ መሀል ወደ ከተማው የሚወርደውን ነው። ጠዋት ሯጮች ይወጡበታል፣ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ይወርዱበታል፣ አህያም ይሄድበታል። መሀሉ ተቦርቡሮ እግር እስከ ጉልበት የሚውጥ ቦይ ሆኗል።

ጎርፉን ብቻ አትውቀሱ። ጭቃ ስናይ እኛስ ምን እናደርጋለን? ጫማችን እንዳይቆሽሽ ወደ ዳር እንላለን። የዳሩ ሣር በእግራችን ይሞታል። በሳምንቱ ዳሩም ጭቃ ነው። ከዚያ ሌላ ዳር እንፈልጋለን። እኔ ራሴ ነጭ ስኒከር አድርጌ ስንት ጊዜ እንደዘለልኩ!

ባሕር ዛፉም እጁ አለበት። በምኒልክ ዘመን መጥቶ ከተማዋን ከማገዶ ችግር ያወጣ ዛፍ ነው፣ ውለታውን አልክድም። ግን ሥሩ ሣር እንደልብ አይበቅልም። አፈሩን የሚያለብሰው የረገፈ ቅጠልም ተጠርጎ ለእንጀራ መጋገሪያ ይወርዳል። አፈሩ ራቁቱን ይቀራል። ከዚያ ሐምሌና ነሐሴ ይመጣሉ።

ግንቦት ላይ አሥራ አንድ ሆነን ወጣን። ዶማ፣ አካፋ፣ አንድ ዲጂኖ፣ አንድ እግሩ የተሰበረ ባሬላ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ቦዩን አፈር ስንሞላ ዋልን። ፎቶ ተነሣን፣ ኮራን። ማክሰኞ ማታ ዝናብ ጣለ። በሳምንቱ ስንመለስ አፈሩ የለም። ማለቴ፣ ጭራሽ የለም!

እዚያ አካባቢ ጥበቃ የሚሠሩ አንድ አዛውንት አሉ። አገር ቤት ሳሉ በየዓመቱ ጥር ላይ እርከን ሥራ ይወጡ ነበር። ዱላቸውን ተደግፈው ሲያዩን ቆዩና፣ «ልጆቼ፣ ውሃው መውጫ ሳይኖረው አፈር የምትሞሉት ለማን ነው?» አሉን።

ከዚያ በኋላ ሥራችን ተለወጠ። ረዘም ያለ ድንጋይ እየመረጥን መንገዱ ላይ በሰያፍ ማጋደም ጀመርን። ቀጥ አድርጋችሁ ካጋደማችሁት ውሃው ከኋላው ይተኛና አፈር ይከምራል፣ ቆይቶ በላዩ ያልፋል። ሰያፍ ሲሆን ግን ወደ ጎን ይንሸራተትና ሣሩ ውስጥ ይገባል። ከድንጋዩ ሁለት ሦስተኛው ይቀበራል፤ አለበለዚያ አንድ አህያ ትነቅለዋለች። መውጫው ደግሞ ሁልጊዜ መጠረግ አለበት፤ ቅጠል ከደፈነው ልፋታችሁ ገደል ገባ። ስምንት ድንጋይ ለማጋደም ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። የኮንሶ ሰዎች ተራራ ሙሉ በድንጋይ እርከን እንዳለበሱና ዩኔስኮም በ2011 እ.ኤ.አ. እንደመዘገበው ሳስብ ሳቄ መጣ።

ምሳ የምንበላው ጫፉ ላይ ወጥተን ነው። እዚያ ስቀመጥ አንድ ነገር ሁሌም ይገርመኛል። በደቡብ በኩል የወረደው ዝናብ ወደ አቃቂ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይሄድና ባሕር ሳያይ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። በሰሜን በኩል የወረደው ወደ ሙገር፣ ከዚያ አባይ ገብቶ ግብጽ ይደርሳል። የአንድ ደመና ውሃ እኮ ነው!

ትናንት ዝናብ ሲጀምር ጃንጥላ ይዤ ሥራችንን ለማየት ወጣሁ። ስድስቱ ድንጋዮች ውሃውን ወደ ጎን ይተፉታል። ሰባተኛው መውጫው ተደፍኗል፣ በእጄ ጠረግሁት። ስምንተኛውን ቆሜ በኩራት ሳይ አንዲት እናት እንጨት ተሸክመው ከላይ መጡ። ሸክሙ ስላጎነበሳቸው ከፊታቸው ያለው አይታያቸውም። እግራቸው ድንጋዩን መታ። ዘልዬ ያዝኳቸው።

«እናንተ ናችሁ ይሄን ያጋደማችሁት?»

«አዎ እናቴ፣ ጎርፉን ለማስወጣት ነው።»

«ጎርፉንስ አስወጣችሁት። እኔን ልትጥሉኝ ነው እንጂ!»

ስንዝር ያህል ከመሬት ብቅ ብሏል። እኛ በስኒከር፣ ባዶ ጀርባችንን ተመላልሰን ነበር የሞከርነው። ሸክም ይዞ የሚወርድ ሰው አንድ ጊዜም አልጠየቅንም። የት የት እንደሚደናቀፍ አሳዩኝ፤ ሦስቱን በእግራቸው እየነኩ። እንጨቱን ትንሽ ላግዝዎት ብላቸው «ተወው፣ ሚዛኑን ታጠፋብኛለህ» ብለው ወረዱ።

ቅዳሜ ዲጂኖውን ይዘን እንወጣለን። ሦስቱን ወደ አራት ጣት እናወርዳለን፤ ውሃውን ይመልሰው አይመልሰው እዚያው እናያለን። ባሬላ ያለው ሰው ካለ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ የኛው ሁለተኛው እግሩም ተሰብሯል።