ኮምፓይለሩ ቀድሞ ሲያሰላ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ዛሬም ከጅማ ነው የማነጋግራችሁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለሆነ ለድምፁ ይቅርታ።

ለአንድ ቡና ነጋዴ ጎረቤቴ የጆንያዎቹን ክብደት መዝግባ ስታንዳርድ ዲቪየሽን (ክብደቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳየውን ቁጥር) የምታወጣ አነስተኛ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጽፌለት ነበር። አንድ ቀን ወረቀት ይዞ መጣና «ይህ ናን የሚሉት ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጆንያዎቹ ሁሉ እኩል 60.1 ኪሎ ስለነበሩ፣ ከዳግም ርቢዎቹ አማካይ ላይ የአማካዩን ዳግም ርቢ ስቀንስ በማጠጋጋት ስሕተት የተነሣ ውጤቱ ከዜሮ በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ነበር፤ የኔጌቲቭ ቁጥር ዳግም ዘር ደግሞ ናን፣ ማለትም «ቁጥር ያልሆነ»፣ ነው።

ያስገረመኝ ግን ጥንቃቄዬ አለመሥራቱ ነበር፤ ኤረኖን (ፈንክሽኖች የስሕተት ቁጥር የሚጽፉበትን ቦታ) የሚመረምር መስመር ጽፌ ነበርና። በሊኑክስ ላይ ዳግም ዘር የሚያወጣው ፈንክሽን ኔጌቲቭ ቁጥር ሲሰጠው ናን ከመመለሱ ሌላ ኤረኖ ላይ 33ን ይጽፋል። የኮምፓይለሩም (የጻፍነውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ችግር የሚጀምረው ከዚህ ሁለተኛ ሥራ ነው። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ከ4.3 እትሙ፣ ማለትም ከ2008 ጀምሮ፣ የቋሚ ቁጥሮችን ስሌት ኤምፒኤፍአር በተባለው ላይብረሪ ፕሮግራሙ ሳይሮጥ ቀድሞ ይሠራል፤ የ2ን ዳግም ዘር 1.4142135623730951 ብሎ ቢተካው የሚጎድል ነገር የለም ማለት ይቻላል። (ማጠጋጊያውን ወደ ታች ላዞረ ሰው የመጨረሻው አሃዝ ይለያያል፤ እርሱ ይህን ለኮምፓይለሩ አስቀድሞ መንገር አለበት።) የኔጌቲቭ 1ን ጥሪ ግን በናን ቢተካው ኤረኖ ሳይነካ ይቀራል፤ ስለዚህ ጥሪውን እንዳለ ይተወዋል።

ቁጥሩ ቋሚ ባልሆነበት ጊዜ የሚያደርገውን በአሴምብሊው (ኮምፓይለሩ በሚያወጣው የፕሮሰሰር ትእዛዞች ጽሑፍ) ውስጥ ሳየው ደነቀኝ፦ ቁጥሩን ከዜሮ ጋር ያነጻጽራል፣ ኔጌቲቭ ካልሆነ በአንድ የፕሮሰሰር ትእዛዝ ይጨርሳል፣ ከሆነ ብቻ ኤረኖን እንዲጽፍለት ላይብረሪውን ይጠራል።

በእኔ ፕሮግራም ውስጥ ያ ማነጻጸሪያ አልነበረም። ፍጥነት ፈልጌ ፋስት ማዝ የሚባለውን አማራጭ ሳላነብ ጨምሬ ነበር፤ እርሱም ኤረኖን የሚያነብ የለም፣ ናንም አይኖርም ብሎ ለኮምፓይለሩ ቃል መግባት ነው። በዚህ ቃል ምክንያት «ናን ነውን?» የሚለውን ምርመራዬን እንኳ ሁልጊዜ ሐሰት አድርጎ አጥፍቶታል። ኮምፓይለሩን ስረግም ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ፤ ፊርማው ግን የእኔ ነበር።

አማራጩን አወጣሁት፣ ቫሪያንሱንም (ዳግም ዘሩ የሚወጣለትን ቁጥር) መጀመሪያ ከእያንዳንዱ ክብደት አማካዩን በመቀነስ አሰላሁት። የኤረኖው ምርመራ አሁንም እዚያው አለ።