መብራታችን ሰዓት ይወቅ

የተከበራችሁ የጎንደር ነዋሪዎች፣ አባቶችና እናቶች፣ የግንባታና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች፣ ተማሪዎች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የምለምናችሁ ነገር አንድ ነው፤ መብራታችን ሰዓት ይወቅ። ቀን የሚያስፈልገንና ማታ የሚያስፈልገን ብርሃን ለየቅል ነው። ብዙዎቻችን ቤት ያለው አምፖል ግን ወይ ቦግ ይላል፣ ወይ ድርግም ይላል፤ መሃል የለውም።

ሰማዩ በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ደጅ ብትወጡ ብርሃኑ ወደ 100,000 ሉክስ ይደርሳል፤ ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን የሚለካበት ነው። በደንብ የበራ ቢሮ 500 ሉክስ ገደማ ነው። ሙሉ ጨረቃ አንድ ሉክስ እንኳ አትሞላም። ሰውነታችን የለመደው ይህንን ልዩነት ነው። ዓይናችን ውስጥ መንጋቱንና መምሸቱን ለአንጎል የሚናገሩ ሴሎች አሉ፤ ከሁሉ በላይ የሚቀሰቅሳቸው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ማታ ኃይለኛ ነጭ ብርሃን ሲያርፍባቸው አንጎል ገና ቀን መስሎት ሜላቶኒን የሚባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን ያዘገየዋል። የሰውነት ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ የደረሱበት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 ኖቤል ተሸልመውበታል።

እስቲ አምፖል ስትገዙ ካርቶኑን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት። ከዋቱ ሌላ የብርሃኑን ቀለም የሚነግር፣ በኬልቪን የተጻፈ ቁጥር አለ። 6500 የሚለው እንደ ቀን ሰማይ ነጭ ነው፤ ለልብስ ሰፊ፣ ለሥራ ጠረጴዛ ጥሩ ነው። 2700 የሚለው ቢጫ ነው፤ ለመኝታ ቤት የሚሆነው እሱ ነው። በየቤቱ ስገባ የማየው ግን ልጆች በሚተኙበት ክፍል፣ ልክ ከአልጋው በላይ፣ 6500ው ተሰቅሎ ነው። ከልቤ ያሳዝነኛል፤ ሁለቱ አምፖሎች በዋጋ ያን ያህል አይራራቁምና።

ለአረጋውያን ነገሩ ይለያል። በ60 ዓመት ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን፣ በ20 ዓመት ዓይን ውስጥ ከሚገባው ሲሶውን ቢሆን ነው። ዳዊት ለሚደግሙ እናታችን ታዲያ ክፍሉን ሁሉ ማንቦግቦግ ሳይሆን፣ መጽሐፋቸው ላይ የሚያርፍ፣ ከፍና ዝቅ የሚል መብራት ይቅረብላቸው።

የቆጣሪውን ነገር እናንሳ። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን ዛሬ 9 ዋት ኤልኢዲ ይሰጣል። ይህን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ብዙ የማይነገረው ሌላ ነው፤ ብርሃኑን በዲመር፣ ማለትም መብራትን ከፍና ዝቅ በሚያደርግ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ወደ ሩብ ብታወርዱት ዓይናችሁ የሚያየው ወደ ግማሽ የወረደ ያህል ነው። ዓይን ቶሎ ይለምዳል፤ የሚበላው ኃይል ግን በእርግጥም ወደ ሩብ ይጠጋል። ዲመር ስትገዙ አምፖሉም ለዲመር የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ፤ ካልሆነ ይርገበገባል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ ደግሞ ግድግዳው ሳይለሰን ኤሌክትሪሻኑ የሳሎኑን መስመር ለሁለት እንዲከፍለው ንገሩት፤ ሲያሻችሁ ግማሹን መብራት ብቻ ታበራላችሁ።

የከተማችንን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሳላነሳ አላልፍም። ከጣሪያው ቁልቁል የሚያዩን የመላእክት ፊቶች፣ በግድግዳው ያሉት ሥዕሎች ሁሉ ብርሃን ይጎዳቸዋል። ጉዳቱ ይጠራቀማል፤ የደበዘዘ ቀለም አይመለስም። ሙዚየሞች ለጨርቅና በቀላሉ ለሚለቅ ቀለም ከ50 ሉክስ ባያልፍ ይመርጣሉ። እንዲህ ላለ ቦታ ሰው ሲገባ ቀስ ብሎ የሚደምቅ፣ ሲወጣ የሚደበዝዝ መብራት ይገባል እላለሁ፤ ነገር ግን ከአባቶችና ከቅርስ ባለሙያዎች ምክር ውጭ አንድ ሽቦ እንኳ አይዘርጋ።

በመጨረሻ፣ የመንገድ መብራት። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ሙሉ ኃይሉን ይዞ ባዶ አስፋልት ላይ ማደር የለበትም። ይጥፋ ማለቴ አይደለም! ከሌሊቱ 9 ሰዓት ለኪዳን የሚወጡ እናቶች አሉ፤ ተረኛ ነርሶችም አሉ። ወደ ግማሽ ዝቅ ይበል፤ ሰው ሲያልፍ ከፍ ይበል። ምሰሶ ሲተከል ይህን የሚችል መሣሪያ አብሮ ቢገዛ፣ በኋላ ነቅሎ ከመቀየር ብዙ ይረክሳል። ከከተማው የመጣችሁ ኃላፊዎች ቀጣዩ የግዢ ዝርዝር ከመውጣቱ በፊት ይህን እንድታስገቡበት እጠይቃለሁ። ዝርዝሩን አብሬያችሁ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ።

አመሰግናለሁ።