የዱር ጥንቸል፦ ቁመናው፣ ክብደቱና ዕድሜው

[ምስል፦ የመንዝ ጓሳ በማለዳ። ውርጭ በያዘው ሣር መካከል አንድ ጥንቸል ጆሮውን ቀስሮ ይታያል።]

ተራኪ፦ በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከአንጎለላ እስከ መንዝ ጓሳ ባለው ሜዳ በግ ለማሰማራት በማለዳ የሚወጣ እረኛ፣ ከሣሩ ሥር ድንገት ተፈናጥሮ የሚሸሽ ጥንቸል ማየት አዲስ ነገር አይሆንበትም። ስንት ኪሎ ይመዝናል፣ ስንት ዓመትስ ይኖራል ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ በግምት ብቻ የሚሰጥ ነው፤ ሥጋው በአብዛኛው የአካባቢው ሰው ዘንድ ስለማይበላ፣ ገበያ አውጥቶ ሚዛን ላይ የሚያስቀምጠው ነጋዴ የለም።

በቅድሚያ አንድ ነገር መለየት ይገባል። በዓለም ላይ በብዛት የተጠናውና በየመጽሐፉ ልኩ ተጽፎ የሚገኘው የዱር ጥንቸል፣ የትውልድ ምድሩ የዛሬዎቹ ስፔን፣ ፖርቱጋልና ደቡብ ፈረንሳይ የሆነው የአውሮፓ ጥንቸል ነው። በቤት ውስጥ የሚረቡት የጥንቸል ዘሮች በሙሉ፣ ከ6 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝኑት ግዙፎቹ ጭምር፣ የወጡት ከዚሁ እንስሳ ነው። በእኛ ደጋ የሚሮጠው ግን የቅርብ ዘመዱ ይሁን እንጂ ሌላ ዝርያ ነው፤ የኢትዮጵያ ደጋ ጥንቸል ይባላል፤ በሳይንስ ዝርያነቱ ተለይቶ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን ከኢትዮጵያ ተራሮች ውጭ የትም አይገኝም።

[ምስል፦ የሁለቱ እንስሳት ቅርጽ ጎን ለጎን፣ ከሥራቸው የሳንቲ ሜትር መለኪያ።]

የአውሮፓው ጥንቸል ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጭራው መነሻ ሲለካ ከ34 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ጆሮው ከ6.5 እስከ 7.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ክብደቱ እንደየአገሩ ከ1.1 እስከ 2.5 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ይህም ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ በእጅ ተመዝኖ ዋጋ የሚቆረጥለትን አውራ ዶሮ ቢያክል ነው። የእኛው የደጋ ጥንቸል ይበልጠዋል፤ ርዝመቱ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ2 እስከ 3.5 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ የኋላ እግሩ ረጅም፣ የጆሮው ጫፍ ጥቁር ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ስንሰማ ክብደት ከርዝመት ይልቅ ተለዋዋጭ መሆኑን አንርሳ። ርዝመቱ እድገቱን ከጨረሰ በኋላ ባለበት ይጸናል፤ ክብደቱ ግን ሣር በጠፋበት ወቅት ይቀንሳል፣ ሴቷ ስታረግዝ ይጨምራል። ቦታም ለውጥ ያመጣል፤ በደቡብ ስፔንና በፖርቱጋል የሚኖሩት ጥንቸሎች ከሰሜን አውሮፓዎቹ ያነሱ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ከ1 ኪሎ ግራም እምብዛም አያልፉም። ስለዚህ "ጥንቸል 2 ኪሎ ይመዝናል" ብሎ በአንድ ቁጥር መደምደም፣ በእኔ አስተያየት፣ መልስ ከመስጠት ይልቅ ጥያቄውን መዝጋት ነው።

[ምስል፦ የመሬት ውስጥ ጎጆ በሥዕል። ፀጉር አልባ ግልገሎች እርስ በርስ ተቃቅፈው ተኝተዋል።]

የዕድሜውን ነገር ለመረዳት ከአወላለዱ መጀመር ይሻላል። የአውሮፓዋ ጥንቸል 30 ቀን ያህል ካረገዘች በኋላ ጉድጓድ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ግልገሎች ትወልዳለች። ለመኝታቸው ሣር ታነጥፋለች፤ በላዩም ከገዛ ሆዷ በጥርሷ የነጨችውን ፀጉር ትደርብበታለች። ግልገሎቹ ሲወለዱ ዓይናቸው ያልተገለጠ፣ ገላቸው ፀጉር የሌለው ሲሆን እያንዳንዳቸው 40 ግራም ገደማ ናቸው። እናቲቱ አብራቸው አትውልም፣ አታድርም። የጉድጓዱን አፍ በአፈር ደፍና ትሄዳለች፤ በአብዛኛው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ተመልሳ ለጥቂት ደቂቃ ታጠባለች፤ ከዚያም አፈሩን መልሳ ትደፍነዋለች። ይህ ጭካኔ የሚመስል ጠባይ፣ ደጋግማ በመመላለስ የምትተወውን ሽታ ተከትሎ ቀበሮ እንዳይመጣ የሚጠብቅ ዘዴ ነው። ወተቷ እጅግ የጠና በመሆኑ ግልገሎቹ በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ ክብደታቸውን እጥፍ ያደርሳሉ፤ በ10 ቀን ገደማ ዓይናቸው ይከፈታል፤ በ4 ሳምንት ጡት ይተዋሉ። ሴቷ ገና 4 ወር ሳይሞላት፣ ሙሉ አካሏን ሳትይዝ፣ መውለድ ልትችል ትደርሳለች።

የእኛው የደጋ ጥንቸል ጉድጓድ ቆፍሮ አይኖርም። በሣር መካከል ገላውን የሚያስቀምጥበት ጎድጎድ ያለ መኝታ አበጅቶ እዚያው ተለጥፎ ይውላል፤ የዚህ ወገን ግልገሎችም ፀጉር ለብሰውና ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ በምድር፣ አሞራ በሰማይ ሲጠብቀው የሚያመልጥበት ጉድጓድ ስለሌለው፣ ያለው ነገር ሣሩና የኋላ እግሩ ብቻ ነው። ሣሩ ታጭዶ ሲያልቅ ሊጎዳ የሚችለውም ለዚሁ ነው፤ የመንዝ ሰዎች ለዘመናት ጓሳውን ለክዳንና ለገመድ በተራና በወቅት ብቻ ለማጨድ ያወጡት ሥርዓት ለዚህ እንስሳም መጠለያ አቆይቶለታል።

[ምስል፦ 100 ትናንሽ የጥንቸል ምልክቶች። አብዛኞቹ ተራ በተራ ይጠፋሉ።]

አሁን ወደ ዕድሜ እንምጣ። የአውሮፓው ጥንቸል በዱር እስከ 9 ዓመት ሊኖር እንደሚችል ይጻፋል። ይህ ጣሪያው ነው። ከሚወለዱት ግልገሎች መካከል አብዛኞቹ፣ በብዙ ቦታም ከ10ሩ 9ኙ ያህል፣ አንደኛ ዓመታቸውን አይደፍኑም። የጎርፍ ውኃ የገባበት ጉድጓድ፣ የአንጀት ተውሳክ፣ ቀበሮና ጭልፊት በየፊናቸው ይወስዷቸዋል። ለምሳሌ ያህል ከ100 ግልገሎች 90ዎቹ በአማካይ በ3 ወራቸው ሞቱ፣ የቀሩት 10ሩ በአማካይ 3 ዓመት ኖሩ ብንል፣ የሁሉም አማካይ ዕድሜ ከ6 ወር ጥቂት ብቻ ይበልጣል። የሚገርመው፣ በዚያ ዕድሜ የሚሞት ጥንቸል ከመካከላቸው ምናልባት አንድም ላይኖር ይችላል። አማካይ ዕድሜ ተብሎ የሚነገረውን ቁጥር በጥንቃቄ መስማት የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

በሽታ ሲገባ ደግሞ ይህ ሁሉ ይናጋል። እ.ኤ.አ. በ1859 ወደ አውስትራሊያ የገቡት 24 ያህል ጥንቸሎች ዘር በአሥርት ዓመታት ውስጥ አህጉሩን አጥለቅልቆ ነበር፤ በ1950 ሆን ተብሎ የተለቀቀው ሚክሶማቶሲስ የተባለ በሽታ በመጀመሪያ ከያዛቸው ከ100 እስከ 99 የሚሆኑትን ገደለ። ከአዳኝና ከበሽታ የተጠበቀ ጥንቸል ግን እስከ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። በታዝማኒያ እ.ኤ.አ. በ1964 ከዱር ተይዞ ሰው ቤት ያደገ አንድ ጥንቸል ሊሞት የቻለው 19ኛ ዓመቱን ሊደፍን ጥቂት ሲቀረው ነው።

[ምስል፦ የዓይን ሌንስ በትንሽ የላቦራቶሪ ሚዛን ላይ።]

ሞቶ የተገኘ የዱር ጥንቸል ዕድሜ እንዴት ይታወቃል? ተመራማሪዎች ካሏቸው መንገዶች አንዱ የዓይኑን ሌንስ አውጥቶ፣ አድርቆ መመዘን ነው፤ ሌንስ እንስሳው በሕይወት እስካለ ድረስ ማደጉን አያቆምምና። በመጀመሪያዎቹ ወራት እድገቱ ፈጣን ስለሆነ የግልገሉን ዕድሜ በሳምንታት ልዩነት ለመገመት ያስችላል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በጣም ስለሚዘገይ፣ የአራት ዓመቱን ከአምስት ዓመቱ በዚህ ሚዛን መለየት ያዳግታል።