በረዶው ሲወድቅ ያልኩት እልልታ

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ድምፄን የምቀዳው ደሴ ሆኜ ነው። አክስቴ ግቢ። ዶሮው ከጮኸ እንግዲህ ታውቁታላችሁ።

አሜሪካ፣ አላስካ በመርከብ የሄድኩበትን ወሬ ባለፈው ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። አልጨረስኩም። ትናንት ቡና ላይ የሆነ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ።

አቦሉ ወርዷል። አክስቴ "እስቲ የሄድሽበትን አሳይኝ" አለች። ስልኬን ሰጠኋት። መጀመሪያ ጁኖ መጣች። የአላስካ ዋና ከተማ ናት፣ ግን ከሌላ ከተማ የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የለም። በመርከብ ነው ወይ በአውሮፕላን። "ምጥ የያዛትስ ሴት?" አለችኝ። እኔ ወደቡ ላይ ቆሜ ይሄ አልመጣልኝም። ፎቶ ነበር የማነሳው።

ከዚያ ግላሲየር ቤይ፣ እዚያው አላስካ ያለ የባሕር ሰርጥ። ማርጀሪ የሚባለው የበረዶ ግግር። 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከተራራው ወርዶ ወርዶ ባሕሩ ላይ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ደግሞ ሰማያዊ ነው። በረዶው በራሱ ክብደት ሲጠቀጠቅ አየሩ ይወጣል፣ በረዶው ቀዩን ብርሃን ይውጥና ሰማያዊው ይቀራል። አክስቴ ስንጥቁን በጣቷ እየተከተለች "አሞሌ ይመስላል" አለች። ወላሂ አሁን ሳየው አሞሌ ነው።

ቪዲዮው ላይ መርከቡ ቆሟል። ጸጥታ ነው። አንድ ቁራጭ ይገነጠላል። መጀመሪያ ሲወድቅ ታያላችሁ፣ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል። ክረምት እዚህ ጦሳ ተራራ ላይ እንደሚያጉረመርመው። የአገሩ ሰዎች፣ ትሊንጊቶች፣ ነጭ ነጎድጓድ ይሉታል። ከዚያ ጭብጨባ። ፉጨት። ከሁሉም በላይ የኔ እልልታ።

አክስቴ ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠችው።

"ሲፈርስ ነው እልል ያልሽው?"

ለሷ እኮ በረዶ ማለት ባቄላ የሚያረግፍ ነው። ልታዝንለት ምን አግብቷት? ግን አዘነች።

ተፈጥሮው ነው፣ ከኋላ ሌላ በረዶ እየገፋ ይመጣል ልላት ጀመርኩ። እውነት ነው። ግን በፈረንጅ 1794 የእንግሊዛዊው ካፒቴን የቫንኩቨር መርከበኞች ሲደርሱ ያ ባሕር አልነበረም ማለት ይቻላል፣ በረዶ ነበር። በ1879 የተፈጥሮ ተመራማሪው ጆን ሙር ሲመጣ በረዶው ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ሸሽቶ አገኘው። ዛሬ ወደ 100 ደርሷል። እኛ ቁርስ እየበላን የገባነው በረዶው በለቀቀው ቦታ ነው። ያኔ መኪናም አልነበረ። ስለዚህ ሁሉም የኛ ጥፋት ነው ልላት አልቻልኩም። ጥፋት የለብንም ልላትም አልደፈርኩም። ዝም አልኩ። ቶናውን ቀዳችልኝ።

ምናልባት እልልታው ለበረዶው አልነበረም። ወይ ፈርቼ ነው። እንጃ... ሰው ፈርቶ እልል ይላል?

ዛሬ ጠዋት ደግሞ "ያን አሞሌ አምጪው" አለችኝ። ድምፁን አጥፍቼ ሰጠኋት። አየች አየችና "ድምፁስ?" አለች።

እና... ቆይ፣ እየጠራችኝ ነው።