ዶሮ ነው የሠራሁት

እንደምን አመሻችሁ። ድምፄ ዛሬ ዝቅ ካለባችሁ ልጆቹ ተኝተው ነው። ሳሎን ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምቀዳው። መስኮቱን ከፍቼዋለሁ፣ ከጣና በኩል ነፋስ ይገባል። መጋረጃው ማይኩን ሲነካው ከሰማችሁ ይቅርታ።

ስለ ማክሰኞ ማታ ላውራችሁ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ስልኬ ጮኸ። እጄ ስለተያዘ ትልቁ ልጄ አነሳው። እናቴ ናት። «እናትህስ?» አለችው። «ዶሮ እየሠራች ነው» አላት።

በቃ፣ ጉዱ ሁሉ ከዚህች ቃል መጣ።

አማርኛ ሰሚ ሁሉ ያውቀዋል፤ «ዶሮ ሠራች» ከተባለ ጠበሰች ወይም ቀቀለች ማለት አይደለም። ዶሮ ወጥ ነው። ያ ደግሞ ወይ ዓመት በዓል ነው፣ ወይ ክርስትና ነው፣ ወይ ከሩቅ የመጣ የከበረ እንግዳ አለ። በአዘቦት ቀን፣ በማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ዶሮ? እናቴ ምን እንዳሰበች እግዜር ይወቀው። ስልኩን ዘጋችው። ከዓባይ ማዶ በባጃጅ ተነሳች።

እኔ እቴ ፓስታ ነው የምሠራው። ዶሮ የገባበት ፓስታ፣ በአንድ መጥበሻ።

ለምን በአንድ መጥበሻ? ስቶቬ ባለ ሁለት ዓይን ነበር። አንዱ ዓይን ከፋሲካ ወዲህ ሞቷል። ባለቤቴ «እሠራዋለሁ» ብሎ ነበር፣ አሁንም «እሠራዋለሁ» እያለ ነው። ደግሞ ውኃ በጄሪካን በተቀዳ ቀን ሦስት ድስት ማጠብ ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

«ጣና አፍ ላይ ተቀምጠሽ ዓሣ አትጠብሺም ወይ?» የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ቆሮሶን የሚቀድም የለም፤ ዘይት ካጋላችሁ አለቀ። ግን ትንሹ ልጄ አንድ ጊዜ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓሣ ሲያይ ጠረጴዛ ሥር ነው የሚገባው።

እሺ፣ አሠራሩን ለሚፈልግ። ግማሽ ኪሎ የዶሮ ደረት፣ በአውራ ጣት ልክ የተቆረጠ። ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ እርድ። መጥበሻው ሰፊ፣ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ ክዳን ያለው ይሁን። ዘይቱ ሲግል ዶሮውን ዘርጉትና ተዉት። ማማሰል የለም። ይሄ ለእኔ ከባድ ነው፤ ማማሰያ ይዤ ነው ያደግኩት። ግን ከነካካችሁት ውኃውን ይለቅና ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። አንድ ጎኑ ሲቀላ ገልብጡት። ሲበስል አውጥታችሁ ሰሃን ላይ አቆዩት። ደረት ቶሎ ይደርቃል፤ ከፓስታው ጋር አብሮ ከፈላ ክር ክር ይሆንባችኋል።

በዚያው መጥበሻ ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት። ታች የያዘውን ቡናማ ነገር እንዳትጠርጉት፣ ጣዕሙ እሱ ነው። ሽንኩርቱ ሲለሰልስ አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ፣ አራት ቲማቲም። ቲማቲሙ ውኃውን ሲለቅ ታች የያዘው እየተፋቀ ይነሳል። ቀጥሎ ግማሽ ኪሎ ፓስታ፣ ለሁለት ተሰብሮ። የመስበሩ ሥራ የትልቁ ልጄ ነው። ቀጭ ሲልለት ደስ ይለዋል።

ቁም ነገሩ ያለው ውኃው ላይ ነው። በብዙ ውኃ ቀቅሎ ማጥለል የለም። በሊትር ሃይላንድ አንድ ሙሉና ሩብ ለክቼ፣ በማፍያ አፍልቼ ነው የምጨምረው። ፓስታው የሚለቀው ስታርች እዚያው ስለሚቀር ስጎውን ያወፍረዋል። ክሬም አያስፈልግም፣ ዱቄትም አያስፈልግም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃዎች ግን አማስሉት፣ አለበለዚያ እርስ በርሱ ይጣበቃል።

ፓኬቱ 9 ደቂቃ ይላል። አትመኑት። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ ውኃ እዚህ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 94 አካባቢ ላይ ይፈላል። ፓስታውም በዚያው ልክ ይዘገያል። እኔ ቤት 12 ወይ 13 ደቂቃ ነው። መጨረሻ ላይ ዶሮውን መልሶ፣ የጥብስ ቅጠል ጣል አድርጎ መክደን ነው። ከሽንኩርቱ እስከ ክዳኑ 35 ደቂቃ።

እንደከደንኩት በሩ ተንኳኳ።

እናቴ ነጠላዋን እንዳጣፋች ገባች። መጀመሪያ ሳሎኑን አየች፤ እንግዳ የለም። ባለቤቴን አየችው፤ ደህና ነው። ከዚያ ቀጥታ ወደ ማጀት።

«ማን መጥቶ ነው?»

«ማንም አልመጣም እማዬ።»

«እና ዶሮው ለማን ነው?»

ክዳኑን አነሳችው። እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው። እንፋሎቱ እስኪበርድ ሁለታችንም ዝም አልን።

«አንች ልጅ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ዶሮ ነው። በፓስታ።»

«ስንት ብልት ነው?»

12 ነው ልበላት? የእናቴ ዶሮ 12 ብልት ነው፤ አንድ አይጎድልም። ፈረሰኛው የአባቴ ነው፣ ማንም አይነካውም። ዶሮው በሎሚና በጨው ይታጠባል፣ ይታጠባል፣ ውኃው እንደ ምንጭ እስኪጠራ። (የጤና ባለሙያዎች ጥሬ ዶሮ አትጠቡ፣ ጀርሙ ከውኃው ጋር ይረጫል ይላሉ። ይሄን ለእናቴ የሚነግራት ሌላ ሰው ይፈለግ። እኔ የለሁበትም።)

«መቼ ጀመርሽው?» አለችኝ።

እና ዋሸኋት። «ከሥራ እንደገባሁ» አልኳት። የገባሁት 11 ሰዓት ላይ ነው። የጀመርኩት ሲመሽ ነው። ለምን እንደዋሸሁ ሳስበው ነው ዛሬ ማይኩን የከፈትኩት።

እኛ ቤት ምግብ የሚለካው በተለፋበት ነው። «ባለሙያ» የሚባል ቃል አለ። ባለሙያ ሴት ማለት ዶሮ ወጧ የተመሰከረላት ናት። እኔም እችልበታለሁ፤ እናቴ ናት ያስተማረችኝ። ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ እሠራለሁ። ሽንኩርቱ ብቻውን፣ ያለ ዘይት፣ ቀስ እያለ፣ ሰዓቱ ይሄዳል። ልጅ ሆኜ ያ ሽንኩርት አያልቅም ነበር። በርጩማ ላይ ተቀምጬ እያማሰልኩ፣ ዓይኔ እያለቀሰ፣ እሷ ታወራኛለች። አባቴን እንዴት እንዳገባችው። ለሠርጓ ስንት ዶሮ እንደታረደ። የሞተችው እህቷ ምን ትመስል እንደነበር። እነዚህን ነገሮች ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ ነግራኝ አታውቅም። ሽንኩርት ላይ ብቻ።

በ35 ደቂቃ ውስጥ ምን ይወራል? «ጨው አቀብለኝ» ነው የሚወራው።

ወደ ማጀቱ እንመለስ። እናቴ ማንኪያ አነሳች፣ ቀመሰች፣ ዓይኗን ጣሪያ ላይ ሰቀለች።

«ስጎው ጥሩ ነው» አለች።

የጥልያን ምግብ አልወድም የምትል ሴት ናት። ስጎ ራሱ የጥልያን ቃል እንደሆነ ልነግራት ነበር፣ ተውኩት።

«እንቁላሉስ?»

«ምን እንቁላል?»

«ዶሮ አይደል ያልሽው? እንቁላሉስ?»

ምን ይባላል? መጥበሻውን ከስቶቩ አወረድኩት። ያለችው አንድ ዓይን ናት። ስድስት እንቁላል በሻይ ጀበናው... አይ፣ በትንሿ ድስት ጣድኩ። እንቁላሉም እንደ ፓስታው እዚህ አገር አይቸኩልም። ፓስታው ተከድኖ ይጠብቃል፣ ስጎውን እየጠጣ ይወፍራል። ልጆቹ ራበን ይላሉ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ሁኔታውን ያጠናል።

እናቴ በርጩማውን ስባ ድስቷ ፊት ቁጭ አለች። ትልቁ ልጄ አጠገቧ ተቀመጠ። «እምዬ፣ ለምንድን ነው 12 የሚሆነው?» አላት። አባቷ ለእንቁጣጣሽ ከገበያ አውራ ዶሮ ገዝቶ ሲመጣ፣ መንገድ ላይ እንዴት እንዳመለጠው መናገር ጀመረች። ሰፈር ሙሉ ሲያባርረው። ዶሮው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገብቶ ዛፍ ላይ ሲወጣ። አባቷ ጋቢውን አውልቆ ዛፉ ላይ ሲንጠለጠል። እኔ ይሄን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም። 40 ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ሰምቼው አላውቅም።

እንቁላሉ ሳይደርስ አልቀረም። ማንም አላነሳውም።

ከዚያ እሷ ራሷ ላጠችው፣ በቢላ ጫፍ ዙሪያውን ጫር ጫር አደረገችው፣ መጥበሻው ውስጥ ከተተችው። መጥበሻውን እንዳለ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሹካ አቀረብኩላት፣ ገፋችው። «እንጀራ የለም?» አለች። አለ። ፓስታውን በእንጀራ ጠቅልላ፣ ዶሮ ጨምራ፣ ትልቁን ልጄን አጎረሰችው። ትንሹንም አጎረሰችው። እኔንም አጎረሰችኝ። ባለቤቴ ፊት አፌን ከፍቼ።

ትንሽ ሲተርፍ «ጨርሱት» አለች፣ «ነገ ረቡዕ ነው።» ጾም ነው፣ ለነገ አይሆንም። ባለቤቴ ታች የያዘውን በእንጀራ እየጠረገ ጨረሰው።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ባጃጅ ጠራንላት። በ2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ማታ ከነመብራቱ ማየት ትወዳለች፤ ሾፌሩን በዚያ በኩል ውሰደኝ አለችው። ልጄ በር ድረስ ሸኛት። ባጃጁ ውስጥ ገብታ ከተቀመጠች በኋላ ጭንቅላቷን አውጥታ ጠራችው።

«ስማ፣ ሌላ ጊዜ ስደውል ፓስታ ከሆነ ፓስታ በለኝ፣ እሽ? እንቁላሉን ቀቅዬ ይዤ እመጣለሁ።»